ከመስቀል በኋላ

በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው። በዚህ የሚከራከር የለም። ክርክሩ ያለው ቀኑ ላይ ነው። ትምህርት ቢሮ የሚያወጣው ካላንደር አንድ ቀን ያስቀምጣል፤ በትምህርት ቤቱ የብረት በር ላይ በፕላስተር የተለጠፈው ማስታወቂያ ሌላ ቀን ይናገራል፤ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ደግሞ አንዲት እናት «አጣርቻለሁ» ብላ ሦስተኛ ቀን ትለጥፋለች። ልጁም ከጎረቤት ጓደኛው የሰማው አራተኛ ቀን አለው። ከአራቱ በጣም የሚዘገየው የልጁ ነው፤ የሚገርመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ሆኖ የሚገኘውም እሱ ነው። ልጁ የሚቆጥረው በሩ የሚከፈትበትን ቀን ሳይሆን መምህሩ ጠመኔ ይዞ ወደ ሰሌዳው የሚዞርበትን ነው፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሁለት ሳምንት ቢያልፍ የሚደነቅ የለም።

ወሩን መስከረም ያደረገው ዝናቡ ነው። ሐምሌና ነሐሴን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማስተማር ትርፉ ጉሮሮ መጉዳት ነው፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ መምህሩ የሚለው ቀርቶ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ የሚለውም አይሰማም። በገጠር ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ልጁም ለአረምና ለከብት ጥበቃ ይፈለጋል። ስለዚህ እስኪያባራ ይጠበቃል፤ እስኪያባራ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ይለወጣል። ይህ መገጣጠም ማንም ልብ የማይለው ጥቅም አለው። ፈረንጆቹ የትምህርት ዘመናቸውን የሚጽፉት ሁለት ዓመት በአንድ እዝባር አጣብቀው ነው፤ መሐል ላይ ዓመቱ ይለወጥባቸዋልና። የኢትዮጵያ ተማሪ ግን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፈው ዓመት እስከ ሰኔ ድረስ ያገለግለዋል። 2017 ብሎ የጀመረ 2017 ብሎ ይጨርሳል።

ትምህርት ሁልጊዜ ከመስከረም ጋር ታስሮ አልኖረም። የቄስ ትምህርት ቤት የመክፈቻ ቀን የለውም፤ ልጁ በደረሰ ጊዜ፣ አባት በተመቸው ዕለት ይወሰድና የኔታ እግር ሥር ይቀመጣል። ከሀ ሁ ይነሳል፣ አቡጊዳን ይሻገራል፣ መልእክተ ዮሐንስን ዘልቆ ወደ ዳዊት ያልፋል። አሥር ልጆች ካሉ አሥሩም የተለያየ ቦታ ላይ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል፤ የኔታም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ የተሳሳተው ማን እንደሆነ ይለያሉ። እዚያ ዘግይቶ መጀመር የሚባል ነገር ስለሌለ የሚጨነቅ ወላጅም አልነበረም። ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ለወሩ ግድ አልነበረውም፤ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተከፈተው በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በሚያዝያ «ልጅ ላስመዘግብ ነው» ብሎ የሚመጣ ወላጅ የጥበቃውን ወንበር አያልፍም።

ምዝገባው የሚጀምረው ክረምቱ ሳይወጣ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄም ልጁ ደርሷል ወይ የሚለው ነው። ደንቡ ልጅ 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው ይላል። የልደት ምስክር ወረቀት በማይታወቅበት ዘመን ዕድሜ የሚለካው በክንድ ነበር፤ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፣ ካልነካ ለከርሞ ይምጣ ይባላል። ዘዴው ክፉ አልነበረም፤ ጉድለቱ ልምምድ መቀበሉ ነው። የቸኮለ አባት ነሐሴን ሙሉ ልጁን ሲያሠለጥን ይከርማል፤ አንገትን ሰበር፣ ትከሻን ከፍ ማድረግ እንጂ ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም። በዚህ መንገድ ገብተው ትልቅ ቦታ የደረሱ ሰዎች ሞልተዋል፤ ያን ጊዜ የደረሰው ግን ክንዳቸው እንጂ ዕድሜያቸው አልነበረም።

አሁን የሚጠየቀው ወረቀት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ዋናውና ኮፒው፣ የክትባት ካርድ፣ የኬጂ ወይም የኦ ክፍል ማስረጃ፣ የወላጅ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ። ከእነዚህ አንዱ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ የጎደለው የቱ እንደሆነ የሚታወቀውም ተራ ተጠብቆ መስኮቱ ጋ ሲደረስ ነው። በየትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ኮፒ ቤት የሚከፈተው በአጋጣሚ አይደለም፤ በእነዚያ ቀናት መብራት የሚጠፋው ግን በአጋጣሚ ነው ይባላል። ፎቶው ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። «ቀና በል» ሲሉት ጣሪያ የሚያይ፣ «ፈገግ በል» ሲሉት የወለቀ ጥርሱን በሙሉ የሚያሳይ ልጅ ያ ፊቱ ማኅደሩ ላይ ተለጥፎ እስከ 6ኛ ክፍል ይከተለዋል።

እስከ 6ኛ የሚለውም ሲመላለስ የኖረ ነገር ነው። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 8ኛ ክፍል ወሰደው፤ በ2015 የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ ወደ 6ኛ መለሰውና 7ኛና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ አላቸው። ከ1986 በፊትም እስከ 6ኛ ነበር። «በእኛ ጊዜ አንደኛ ደረጃ ማለት እስከ ስድስተኛ ነው» እያሉ ልጆቻቸው ሲያርሟቸው የኖሩ አያቶች፣ ምንም ሳይማሩ ምንም ሳይረሱ ትክክል ሆነው ተገኝተዋል።

በቅጹ ላይ የሚከብደው አምድ የመጀመሪያው ነው፤ ሙሉ ስም ከነአያት። የአያትየው ስም በአባትየው መታወቂያ «ገ/ሥላሴ»፣ በልጁ የልደት ወረቀት «ገብረሥላሴ»፣ በራሳቸው በአያትየው አፍ ደግሞ «ገብሬ በሉኝ» ነው። መዝጋቢዋ ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ታውቃለች፤ ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም። ስለዚህ አባትየው ወደ ወረዳ ይላካል፤ ወረዳው ደግሞ ወደ ኮፒ ቤቱ ይልከዋል። በዚህ ሁሉ መሐል የእናቱን ቀሚስ ይዞ የቆመው ባለጉዳይ ስሙ ቢንያም መሆኑን ገና አልሰማም። እስከዚያ ቀን ድረስ ማሙሽ ነበር። ይህ ነገር በኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

የክፍያው ነገር እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማ አስተዳደሩ ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምገባ ስለሚያቀርብ የወላጅ ሸክም ቀሏል። የሚቀረው ጭንቀት የልክ ነው፤ ዩኒፎርሙ በጅምላ ተሰፍቶ ሲመጣ ቀጭኑ ሰፊውን፣ ወፍራሙ ጠባቡን የመያዝ ነገር አለ። ቅያሪው በግቢው ውስጥ በእናቶች መካከል ይካሄዳል፤ ያለ ደላላም በግማሽ ቀን ያልቃል። በግል ትምህርት ቤት ደግሞ ወርኃዊ ክፍያው አለ፣ መመዝገቢያው አለ፣ መጽሐፉ አለ፣ ሰርቪሱ አለ፤ ጭማሪው ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚመጣው። ስለ ጭማሪው በሚጠራው ስብሰባ ላይ ወላጆች አምርረው ይናገራሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ስብሰባው ሲያልቅ ግን ሰልፉ የሚታየው በመክፈያው መስኮት ነው፤ ቦታ እንዳይሞላ የሚፈራው ያው ሲናገር የነበረው ሰው ነው።

ዩኒፎርሙን በራሱ ለሚያሰፋ ወላጅ ጳጉሜን የልብስ ሰፊ ወር ናት። አምስት ቀን፣ ቢበዛ ስድስት፤ ልብስ ሰፊው ግን «ነገ ውሰዱ» የሚለው ሰው ብዛት ከእነዚህ ቀናት ጋር አይገናኝም። ልጁ በርጩማ ላይ ይቆማል፣ ሜትሩ በደረቱ ዙሪያ ይዞራል፣ ልኩ ግን የሚወሰነው በሜትሩ አይደለም።

«ጋሽዬ፣ ሰፋ አድርጉልኝ፤ ልጅ ነው፣ ያድጋል።»

«ምን ያህል ላስፋው፣ እታለም?»

«ለከርሞም እንዲሆነው።»

«ለከርሞ ከሆነ እጅጌውን እናጥፈዋለን። ከዚያ ካለፈ ግን አባቱም ይልበሰው።»

እጅጌው ይታጠፋል፣ የሱሪው ግርጌም ሁለት ጊዜ ታጥፎ በሰፊ ስፌት ይያዛል። ልጁ መስከረም ላይ ሲታይ ከሹራቡ ውስጥ ጣቶቹ ብቻ ብቅ ይላሉ። በየዓመቱ ግርጌው ይተረተርና አንድ እጥፍ ይለቀቃል፤ ተደብቆ የኖረው ጨርቅ ፀሐይ ስላላገኘው ቀለሙ እንደደመቀ ይወጣል። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያለ ልጅ ሱሪ ስንተኛ ዓመቱን እንደያዘ ማወቅ የፈለገ ሰው ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ያሉትን መስመሮች ቢቆጥር ይበቃዋል። ትክክለኛ ልኩ የሆነበት ጊዜ ነበር፤ ያ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ክረምት ላይ፣ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ ያልፋል።

ቀጥሎ ደብተር ነው። ስንት ደብተር ያስፈልጋል ለሚለው የትምህርት ቤቱ ዝርዝር መልስ ይሰጣል፤ ልጁም በዝርዝሩ ላይ የራሱን ያክልበታል። የውጪ ልባዱ ኳስ ተጫዋች ካለበት ደብተር ይወደዳል፣ ካለበለዚያ አይገዛም። ይህ ሁሉ ምርጫ ግን ለአንድ ምሽት ነው፤ በማግስቱ ደብተሩ ይለበድና ኳስ ተጫዋቹ እስከ ሰኔ ከዓይን ይሰወራል። መለበድ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚሳተፍበት ሥራ ነው፤ አባት ይቆርጣል፣ ታላቅ እህት ታጥፋለች፣ እናት ካለፈው ዓመት የተረፈ ንጹሕ ገጽ ያለው ደብተር ትለያለች፣ ልጁ ፕላስተሩን ጣቱ ላይ ይለጥፋል። ካኪ ወረቀትና ላስቲክ ሳይረክስ በፊት ሥራውን ሲሠራ የኖረው ጋዜጣ ነው፤ ከ1933 ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ከዜና ማድረሱ ሌላ ለትምህርቱ ዘርፍ ያበረከተው ይህ አገልግሎት በታሪኩ ውስጥ ቢጻፍ ያንሰው እንደሆን እንጂ አይበዛበትም። በጋዜጣ የተለበደ ደብተር የያዘ ልጅ ትምህርቱ ሲሰለቸው የሚያነበው ነገር አያጣም። የሒሳብ ደብተሩ በጨረታ ማስታወቂያ የተለበደበት ልጅ ስለ ጨረታ ማስከበሪያ ገና በሦስተኛ ክፍል ያውቃል፤ ስንት በመቶ እንደሆነ ግን መቶኛ እስኪማር ይጠብቃል።

አዲስ ዓመት በመሐል ይገባል። ሴቶቹ ልጆች አበባ ይዘው በየደጁ ይዘፍናሉ፣ ወንዶቹ አበባና መላእክት የሣሉበትን ወረቀት ያዞራሉ፤ ሁለቱም ሳንቲም ይሰበስባሉ። የተሰበሰበው ገንዘብ ማታ ላይ ተቆጥሮ ለእናት ይሰጣል፤ እናት «ላስቀምጥልህ» ትላለች። ይህ ተቀማጭ ወለድ የለውም፣ የሚወጣበት ቀንም የለውም። ልጁ መስከረም አጋማሽ ላይ ሲጠይቅ «ደብተር የተገዛበት በምን ይመስልሃል?» የሚል የሒሳብ መግለጫ ይሰጠዋል። ከእንቁጣጣሽ እስከ መክፈቻው ባሉት ቀናት የቀረው ሥራ የጭንቅላት ነው፤ ወንዱ ይላጫል ወይም ይከረከማል፣ ሴቷ ሹሩባ ትሠራለች። ሹሩባ የሚሠራው በዋዜማው ስለሆነ ልጅቷ ጠጉሯ እንዳይበላሽ በሆዷ ተኝታ ታድራለች፤ ጠዋት ላይ የትራሱ ጥልፍ ጉንጯ ላይ ታትሞ ይገኛል።

የመክፈቻው ቀን ጠዋት የሚጀምረው በደወል ነው። ደወሉ በብዙ ትምህርት ቤቶች ከዛፍ ወይም ከጣሪያ ማገር የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። መኪናው ከቆመ ስንት ዘመኑ፤ ቸርኬው ግን አሁንም ሰው ያንቀሳቅሳል። በር ላይ ጥበቃው የሚታገሉት ከልጆቹ ጋር አይደለም፤ «ወላጅ ከዚህ ወዲያ አይገባም» እየተባለ በአጥር የሚንጠራራው፣ በመስኮት የሚያጮልቀው፣ «ኮዳውን ረስቶት ነው» ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ የሚመጣው ትልቅ ሰው ነው። ልቅሶውም ቢሆን ተላላፊ እንጂ ከሐዘን የመጣ አይደለም። አንድ ልጅ ይጀምራል፤ አጠገቡ ያለው ለምን እንደሚለቀስ ስለማያውቅ የማያውቀው አደጋ ቢኖር ነው ብሎ ይቀጥላል፤ የሰልፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከረሜላ እየበላ የነበረው ልጅ ከረሜላውን በጉንጩ ይዞ ያለቅሳል። ልምድ ያላት መምህርት የመጀመሪያውን አልቃሽ ለይታ ጠመኔ ታሲዘዋለች። ሥራ የተሰጠው ልጅ አያለቅስም፤ ሌሎቹም ጠመኔ ለማግኘት ሲሉ ዝም ይላሉ።

ሰልፍ የሚያዘው በክፍል ነው፤ አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ። ክረምቱን በዝናብ የከረመው የሰንደቅ ዓላማ ገመድ ተጣብቆ አልላላ ይላል፤ ሰንደቁ ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆም መዝሙሩ ቀድሞ ያልቃል። ከዚያ ርእሰ መምህሩ ሞንታርቦው ፊት ይቆማሉ። ንግግሩ ውድ ተማሪዎች ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም በመሸጋገራቸው ደስታን ይገልጻል፤ ወደ ሥነ ሥርዓት ያልፋል፤ ማርፈድ፣ ጥፍር ማሳደግ፣ በአጥር መዝለል፣ ስልክ መያዝ አንድ በአንድ ይከለከላሉ። 1ኛ ክፍል የገቡት ልጆች በአጥር መዝለል እንደሚቻል የሚያውቁት በዚህ ንግግር ነው።

ከሰልፍ በኋላ የስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ 1ኛ ሀ፣ 1ኛ ለ፣ 1ኛ ሐ። ከዓመት ዓመት ወላጆች «ሀ» ጎበዞች የሚገቡበት ነው ብለው ያምናሉ፤ ድልድሉ በፊደል ተራ ወይም በምዝገባ ቅደም ተከተል መሆኑ ቢነገራቸውም እምነታቸው አይናወጥም። «ከአክስቷ ልጅ ጋር አድርጉልኝ» የሚል አለ፣ «በምንም ዓይነት ከአክስቷ ልጅ ጋር እንዳታደርጉብኝ» የሚልም አለ።

ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ሥራ ስም መጥራት ነው። መምህርቷ መዝገቡን ትገልጣለች።

«ቢንያም።»

ዝም። ትደግመዋለች። ዝም። «ቀሪ» ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ስታነሳ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ትነሳለች።

«ቲቸር፣ እሱ እኮ ማሙሽ ነው።»

ማሙሽ በዚህ ጊዜ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጦ ይህ ቢንያም የሚባለው ልጅ በመጀመሪያው ቀን መቅረቱን እየታዘበ ነው። ራሱ መሆኑ ሲነገረው አያምንም፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ያጣራል። ለጥቂት ቀናት ሁለት ስም ይዞ ይኖራል፤ አንዱ ምሳ የሚበላበት፣ አንዱ ጥያቄ የሚጠየቅበት። ጥያቄ የማይመለስ ሲሆንበት ወደ መጀመሪያው ስሙ ለመመለስ የሚሞክርም አለ። ለመጠራት የሚሰጠው መልስም እንደ ትምህርት ቤቱ ነው፤ በመንግሥት «አቤት»፣ በግል «ፕረዘንት»፣ በሁለቱም የሚሠራው እጅ ማውጣት ነው። ከዚያ ሞክሼዎቹ አሉ። ናትናኤል የሚባሉ ሦስት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ሲገኙ መዝገቡ በአባት ስም ይለያቸዋል፤ ክፍሉ ግን ትልቁ ናቲ፣ ጥቁሩ ናቲ፣ እንትን የወሰደው ናቲ ብሎ ከመዝገቡ በተሻለ ይለያቸዋል። ሦስተኛው ናቲ የወሰደው ላጲስ ነው፤ እስከ 6ኛ ክፍል ድረስም አልመለሰም ተብሎ ይጠራበታል።

ዴስኩ ለሁለት የተሠራ ነው፤ የሚቀመጡበት ግን ሦስት ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት ድንበር ይሰመራል፤ በእርሳስ፣ ጠንከር ያለ ጎረቤት ከሆነ በእስክሪብቶ። ክርን ድንበር ካለፈ በክርን ይመለሳል። መሐል የተቀመጠው ልጅ ሁለት ድንበር ስላለው ሁለት ጦር ግንባር ይጠብቃል፤ ውጤቱ ዝቅ ቢል አይፈረድበትም።

የመጀመሪያው ሳምንት ዋና ትምህርት ሣር ነው። ግቢው ክረምቱን ሰው ስላልረገጠው ሣሩ ከ1ኛ ክፍል ተማሪ ቁመት ጋር ይተካከላል፤ ከፍ ያሉት ክፍሎች ማጭድ ይዘው እንዲመጡ ይነገራቸዋል፣ ትንንሾቹ በእጃቸው ይነቅላሉ። ከሣሩ ውስጥ ሰኔ ላይ የጠፋ ኳስ፣ አንድ እግር ጫማና የማን እንደሆነ የማይታወቅ ደብተር ይገኛል። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ በዚህ መሐል ይሠራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ሰኞ የተለጠፈው ፕሮግራም ረቡዕ ይነሳል፤ አንዱ መምህር ተዛውሯል፣ ሌላዋ ወሊድ ላይ ናት፣ የስፖርቱ መምህር ሦስት ክፍል በአንድ ሰዓት ደርሶባቸዋል። በፈረቃ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከሆነማ የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ ሳያልቅ የከሰዓቱ በር ላይ ይደርሳል። «ዛሬ እስከ ዕረፍት ነው» የሚለው ዜና ለተማሪ የምሥራች፣ ለሰርቪስ ሹፌር ቁጣ፣ ለሠራተኛ እናት የአለቃ ፊት ነው። ከሁሉም የማይቋረጠው ምገባው ነው። ፕሮግራሙ ባይወጣም ቁርሱ ይወጣል፤ በዚያን ሰሞን ማንም ያላረፈደበት ክፍለ ጊዜ ቢኖር ይኸው ነው።

በገጠር መክፈቻው ረጅም ነው። ምዝገባው ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል፤ መምህራን ከቀበሌ ሰው ጋር ሆነው ቤት ለቤት እየዞሩ ያልመጣውን ይጠይቃሉ። አባትየው «ይመጣል» ይላል፤ መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው ግን አዝመራው ነው። ሰብል መድረስ ሲጀምር ወንበሩ እንደገና ይሳሳል። መዝገብ ላይ «ቀሪ» ተብሎ የተጻፈው ልጅ በዚያን ሰዓት ወፍ ሲጠብቅ፣ ስንቷ ማሽላው ላይ እንዳረፈች ስንቷ እንደበረረች ሲደምርና ሲቀንስ ይውላል፤ ማርክ ግን የሚሰጠው የለም።

ሁሉም ነገር መልክ ሊይዝ ሲል መስቀል ይደርሳል። መስከረም 16 ደመራ፣ 17 መስቀል፤ ወደ አገር ቤት የሚሄደው ቤተሰብ ከበዓሉ በፊት ተነስቶ ከበዓሉ በኋላ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይመለሳል። በተለይ ጉራጌ ቤት መስቀል ላይ ልጁ አዲስ አበባ ይቆይ ብሎ መሟገት የማይታሰብ ነው፤ ይህንን የሚያውቅ መምህር በዚያን ሳምንት አዲስ ምዕራፍ አይከፍትም። ለዚህ ነው በትምህርት ቤት ግቢ ከመስከረም 1 ጀምሮ ለሚነሳ ጥያቄ ሁሉ አንድ መልስ የሚሰጠው። መጽሐፍ መቼ ይታደላል? ከመስቀል በኋላ። የእንግሊዝኛ መምህር መቼ ይመደባል? ከመስቀል በኋላ። የተሰበረው መስታወት? ከመስቀል በኋላ። ለተሰበረው መስታወት የትኛው መስቀል እንደሆነ አይጠቀስም።

ከመስቀል በኋላ በእርግጥ ይጀመራል። መምህሩ ጠመኔ ይዞ ወደ ሰሌዳው ይዞራል፤ 1ኛ ክፍል ላይ ፊደል ይጻፋል። ኬጂ የቆየው ልጅ ፊደሉን ገና ሳይጻፍ ይጮኸዋል፣ ከቤት የመጣው ደግሞ የሚጮኸውን ልጅ አፍ እያየ ይከተላል፤ ጥር ላይ ሁለቱ ብዙ ጊዜ እኩል ይሆናሉ፤ አንደኛው ስለሚሰለቸው። ከፍ ባሉት ክፍሎች መምህሩ ያለፈውን ዓመት ይጠይቃል፤ ማባዛት ከክረምቱ ጎርፍ ጋር መሄዱን ያረጋግጣል፤ ከሁለት እንደገና ይነሳል። የእንግሊዝኛ መምህር ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፉ ጻፉ ይላል። ክፍሉ በሙሉ ቤተሰቡን ሲረዳና መጽሐፍ ሲያነብ እንደከረመ ይጽፋል። እውነቱን የጻፈ ቢኖር እንኳ ቴሌቪዥን የሚለውን ቃል በትክክል መጻፍ ስላቃተው ሐሳቡን ቀይሮ ቤተሰቡን ወደ መርዳት ይመለሳል።

መጽሐፉ እንደየዓመቱ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል ኅትመቱ ከትምህርቱ ኋላ ስለቀረ ብዙ ልጅ መጽሐፉን ያገኘው በወላጁ ስልክ ላይ በፒዲኤፍ ነው። አባት ከሥራ እስኪገባ አካባቢ ሳይንስ አይጠናም፤ ሲገባም ስልኩ ይጮኻል። የቤት ሥራው ግን መጽሐፍ ኖረም አልኖረም ይሰጣል። «በአካባቢህ የሚገኙ አምስት ዓይነት ቅጠሎችን ሰብስበህ ለጥፍ» የሚለው መመሪያ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለን ቅጠል በአንድ ማታ ይጨርሳል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ቤተሰብ የጎረቤቱን ጤና አዳም በፈቃድ፣ የማኅበሩን አጥር ያለ ፈቃድ ይቆርጣል። ለጣፊዋ እናት ናት። ማግስቱን ከመምህርቷ የመጣው «በጣም ጥሩ» ጓዳው በር ላይ ይሰቀላል።

የመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ መክፈቻው አለቀ ማለት ይቻላል። በአጀንዳው የመጀመሪያ ተራ ላይ ስለ ማርፈድ ተጽፏል፤ ስብሰባው ራሱ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ስለሚጀምር ይታለፋል። የሚቀረው ወተመህ፣ ማለትም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ምርጫ ነው። ጥቆማ ይጠየቃል። የተጠቆሙት ሁሉ እየተነሱ ትምህርት ቤቱን ከልብ እንደሚወዱ፣ የሥራ ጫና እንዳለባቸው፣ ከውጪ ሆነው ድጋፍ እንደሚሰጡ ይናገራሉ። በዚህ መሐል ስልክ ሊያነጋግር ወጣ ያለ አንድ አባት አለ። ስሙ ይጠቀሳል፤ የሚቃወም ይጠየቃል፤ ራሱ ስለሌለ ተቃዋሚ አይገኝም። በሙሉ ድምፅ ሰብሳቢ ሆኖ ይመረጣል። ተመልሶ ሲገባ ቤቱ ያጨበጭባል፤ እሱም ሰው ሲያጨበጭብ አይቶ አብሮ ያጨበጭባል።